የአዴ ኤቢሴ የሀገር መዝገብ

ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት የአቤቱታ ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከጀርባው ግን ከአንድ አሮጌ ደብተር የተነሳ ኮፒ ተያይዟል። ኮፒው ላይ በእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ካቺሲ። ሰጪ፦ ቀጀላ። ተቀባይ፦ ፌቨን። ጥቅምት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.» ከሥሩ የሁለት ልጆች ፊርማ አለ፤ ፊርማ ስል ስማቸውን በትልልቁ ጽፈውታል ማለቴ ነው። ዝቅ ብሎ እንጭኒ ለገመቺስ ተሰጥታለች። የሐይቅ ዳሯ ሐሮ ወንጪ ደግሞ ካቺሲን አሳልፎ ለሰጠው ለዚያው ለቀጀላ ደርሳለች።

ደብዳቤው «የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን ሰብስበው የምዕራብ ሸዋን ከተሞች በፊርማ እያከፋፈሉ መሆናቸውን የሚያሳይ መዝገብ በንብረት ቆጠራ ወቅት ስለተገኘ ጉዳዩ ተጣርቶ እንዲገለጽልን» ይላል።

በእኛ አገር በመሬት ቀልድ የለም። አጥር አንድ ክንድ ገፋ ተብሎ ጎረቤትና ጎረቤት አሥር ዓመት ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ካቺሲን የምታህል ከተማ ከነገበያዋ ፈርማ ተረከበች የሚል ወረቀት አይቶ በደነገጠ ሰው አልፈርድም። እኔ ግን መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ቀጥሎ አመሌ መጣ። ሃዋኒ እባላለሁ፤ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የትምህርት ክትትል ባለሙያ ነኝ። እናቴ «አንቺ የሰው ድስት ሳትከፍቺ አታልፊም» ትለኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለዚሁ አመሌ ደመወዝ ስለሚከፍለኝ ሙያ እለዋለሁ።

ደብዳቤውን የጻፉት ኦቦ ኩምሳ ናቸው፤ አምና ከሌላ ዞን ተዛውረው የመጡ ርዕሰ መምህር። ግንቦት 2017 አጋማሽ ላይ ቢሯቸው ስሄድ ክፉ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ አላገኘሁም። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ወደ ኮሪደሩ ይዘውኝ ወጡና ፕላስቲክ የለበሰ የፎቶ ኮፒ ማሽን አሳዩኝ።

«ይሄ ማሽን ክረምቱ ሳይገባ ክፍል ካላገኘ ሞተ ማለት ነው» አሉኝ። «ያለችኝ ትርፍ ክፍል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን የአዴ ኤቢሴ ናት። እሳቸው ደግሞ ሰኔ 30 ጡረታ ይወጣሉ።»

«ከተሞቹን ማከፋፈላቸውስ?»

«ጠየቅኳቸው፤ ጨዋታ ነው አሉኝ። ጨዋታ ከሆነማ ባሰ፤ ለጨዋታ ክፍል አይያዝም። ጥቅም አለው ካሉ ያሳዩን።» ይህን ብለው የራሴን መሥሪያ ቤት ቅጽ አወጡ። ከታች በኩል «ያስገኘው የረጅም ጊዜ ጥቅም (በቁጥር)» የሚል ዓምድ አለ። ባዶውን ሳየው አፈርኩ፤ ቅጹን ካዘጋጁት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ሰኔ ሲገባ ስብሰባ ልንቀመጥ ተስማማንና በዚያ ዓምድ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ተሰጠኝ። ዓምዱ ባዶ ከቀረ ክፍሏ ተቆልፋ ለማሽኑ ትሰጣለች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወል ተደወለ። አብዛኛው ልጅ ወደ በሩ ሲሮጥ ሠላሳ የሚሆኑት ወደ ግቢው ጥግ አቀኑ። ተከተልኳቸው። ክፍሏ የድሮ የጠመኔ ማከማቻ ናት፤ ሁለት መደርደሪያ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ አምፖል አላት። ግድግዳው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተዘርግቶ የምዕራብ ሸዋ ካርታ ከአጎራባቿ ወንጪ ጋር በቀለም ተስሎበታል። በየከተማው አጠገብ የልጅ ስም ተጽፏል፤ ተሰርዟል፤ እንደገና ተጽፏል። አምቦ ብቻ ማንም አልወሰዳትም፤ የሚኖሩበትን መውሰድ ክልክል ነው።

አዴ ኤቢሴ፣ በአማርኛው ወይዘሮ ኤቢሴ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ጥግ ላይ ተቀምጠው በምላጭ እርሳስ ይቀርጻሉ እንጂ ልጆቹን ዝም በሉ ሲሉ አልሰማሁም። ልጆቹ መጀመሪያ የቤት ሥራቸውን ሠሩ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አገዙ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን አዴ ኤቢሴ ምላጩን አስቀመጡና «ሂቦ» አሉ። ክፍሏ ተነቃነቀች።

ሂቦ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ ነው፤ ጨዋታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ያቃተው ሀገር ይሰጣል፤ ያሸነፈው ሀገሩን ተቀብሎ የተሸነፈውን እያሽሟጠጠ ይሰድበዋል። አዴ ኤቢሴ ሁለት ነገር ለውጠውበታል። አንደኛ፣ እንቆቅልሹ ከተመለሰ ጠያቂው ራሱ ሀገር ይሰጣል፤ ይህ ቀላል ነገር እየጠየቁ እንዳያሰለቹ ነው። ሁለተኛ፣ ስድብ የለም። በስድቡ ፋንታ ሀገር የተሰጠው ልጅ በሳምንት ውስጥ የሦስት ጥያቄ መልስ ማምጣት አለበት፦ ከተማሽ ምን ሞላት? ምን ጎደላት? እዚያ ማንን ታውቂያለሽ? ሦስተኛው ከመጽሐፍ አይገኝም። ከዚያ ከተማ የመጣ ሰው መናኸሪያም ገበያም ሄዶ ፈልጎ ማነጋገር፣ ስሙንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያን ቀን መቲ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ ተነስታ «ሳይጣድ የሚፈላ?» አለች። ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ፤ አምቦ ውስጥ የአምቦን ውሃ የማያውቅ የለምና። የተጠየቀው ፉፋ የሚባል በቅርቡ ከወለጋ በኩል የመጣ ልጅ ግን አንገቱን ሰበረ።

«ሀገር ስጠኝ» አለችው መቲ።

«ሻምቡን ሰጥቼሻለሁ» አለ ፉፋ። ሻምቡ ከዞናችን ውጪ ናት፤ ካርታው ላይ የለችም። አዴ ኤቢሴ ከከረጢቱ ውጪ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንዲት ክብ ሠርተው «ሻምቡ» ብለው ጻፉ።

መቲ ከንፈሯን ጣለች። «አዴ ኤቢሴ፣ ከፉፋ ሌላ ከሻምቡ የመጣ ሰው ከየት አገኛለሁ?»

«ሂጂ ጠይቂ» አሏት።

ልጆቹ ሲበተኑ እኔም ተራዬን ጠበቅኩ። መቼ እንደጀመሩት ስጠይቃቸው ነገሩኝ። በ2006 ክረምት ሲቃረብ ወላጅ የሚጠብቁ ልጆች በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታቸው አይተው መጋዘኗን ከፈቱ፤ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋችም። ከተማው በታወከባቸው ዓመታት ትምህርት ሲቋረጥ መዝገቡ ላይም ባዶ ወራት አሉ። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ ቢያንስ የሦስት ልጆች ስም አለ። ጌዶ አካባቢ ከገበሬ ቤት መወለዳቸውን፣ ባላቸው ከሞቱ ቆየት ማለቱን፣ ሁለት ልጅ አሳድገው መዳራቸውን አጫወቱኝ። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ለምን እንደመረጡ ስጠይቃቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስለሱ እኔን አትጠይቂኝ። ሀገር የወሰዱት አሉልሽ፤ ሂጂ ጠይቂ።»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። መዝገቡን ተዋስኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም አለው። ሁሉንም ማዳረስ ስለማልችል ከመጀመሪያው ገጽ ሦስቱን ያዝኩ፤ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል የነበሩ፣ ዛሬ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሆናቸው።

ቀጀላን ማግኘት ቀላል ነበር፤ እዚያው አምቦ ባጃጅ ይነዳል። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አሳፈረኝ።

«ሐሮ ወንጪን ተረክበህ ነበር አሉ» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ያቺ ክፍል? እህቴ ልንገርሽ፣ እኔ የምሄደው ለዝናቡ ነበር። የቤታችን ጣሪያ ያፈሳል። ምንም አላተረፍኩባትም።»

«ወንጪን አይተህ ታውቃለህ?»

«ሐይቅ ለማየት ማን ነዳጅ ያቃጥላል? አንቺስ የየት አገር ልጅ ነሽ?»

ባኮ አልኩት። ባኮ ዘንድሮ ማንጎው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ምን እንደቸገራቸው ጠየቀኝ፤ የአጎቴን ሰፈር የውሃ ነገር አንስቼ ተማረርኩ። አጎትሽ ማን ይባላል አለኝ፤ ጉደታ አልኩት፤ አንድ ቀን ባኮ ከሄደ ሰላም ሊልልኝ ቃል ገባ። መናኸሪያው በር ላይ ወርጄ ማስታወሻዬን ስከፍት ነው የነቃሁት። ሦስቱንም ጥያቄ በቅደም ተከተል ጠይቆኛል። ማስታወሻዬ ላይ «ቀጀላ፦ ምንም አላተረፍኩም ብሏል» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።

እንጭኒ የሄድኩት በገበያ ቀን ነው። ገመቺስን የመሥሪያ ቤቴ መዝገብ «አሥረኛ ክፍል አቋርጧል» ብሎ ዘግቶታል። እሱን ያገኘሁት ከገበያው ዳር የወተት ማሰሮዎችና ጣሳዎች በተደረደሩበት ነው፤ ከገበሬ ወተት ተቀብሎ ጥራቱን መዝኖ ለአዲስ አበባ መኪና ያስረክባል። አጠገቡ ጃርሶ የሚባሉ ነጭ ጢም ያላቸው ሰውዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ይቆጣጠራሉ።

«ፈተናውን ስወድቅ» አለኝ ገመቺስ፣ «አምቦ ውስጥ ፊቴን የማሳይበት አጣሁ። አባቴ አያናግረኝም። ለመጥፋት ቆረጥኩ። ግን የት ልጥፋ? በዓለም ላይ ከዘመድ ውጪ ስሙን የማውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸው።» በአገጩ ወደ ኦቦ ጃርሶ አመለከተ።

ሰውየውን በስድስተኛ ክፍል አምቦ መናኸሪያ አግኝቶ ስለ እንጭኒ ጠይቋቸዋል፤ ስማቸውንም ደብተሩ ላይ ጽፏል። አራት ዓመት ቆይቶ እንጭኒ መጣና የኦቦ ጃርሶን ቤት አሳዩኝ አለ።

«እንዴት አስታወሱት?» አልኳቸው ኦቦ ጃርሶን።

«እንዴት እረሳዋለሁ? እስከዚያ ቀን ድረስ ስሜን ጠይቆ የጻፈ ሰው ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነበር። ይሄ ልጅ ስሜን ጻፈና ምንም ሳይወስድ ሄደ። ግራ ገባኝ። ቤቴ ሲመጣ ምን ሊወስድ እንደሆነ ለማየት አስቀረሁት።»

«ምን ወሰደ?»

«ልጄን» አሉና እየሳቁ ትንባሆ የሌለው ፒፓቸውን ነከሱ። ገመቺስ ባለፈው ዓመት አማቻቸው ሆኗል።

ይህን የት ዓምድ ውስጥ ላስገባው? ከእንጭኒ ስመለስ መኪና ውስጥ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው። በኛ ሒሳብ ገመቺስ የወደቀ ልጅ ነው። መውደቁን ቆጥረናል፤ ሲወድቅ በምን ላይ እንዳረፈ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ለካቺሲ መንገዱ ክፍት የሚሆንበትን ቀን መጠበቅ ነበረብኝ። ሄድኩ። ከአምቦ ርቀቱ በካርታ ቅርብ ይመስላል፤ አቧራውና ጠመዝማዛው ግን ወገቤን ቆረጠው። ፌቨን እዚያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስደርስ ሴት እያዋለደች ነበርና ሁለት ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ወጥታ እጇን እያደረቀች ማን እንደላከኝ ስትሰማ ፊቷ በራ።

«አዴ ኤቢሴ አሁንም እርሳስ በምላጭ ነው የሚቀርጹት?»

«አሁንም።»

ሦስት ዓመት ሆኗታል ካቺሲ። ሥልጠናውን ሲጨርሱ ምደባው በዕጣ ነበር። እሷ ጉደር ደረሳት፤ ከአምቦ ብዙ የማትርቀው ጉደር። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ወረቀቷን ከፍታ «ካቺሲ» የሚለውን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። ፌቨን የጉደርን ወረቀት ሰጠቻትና የካቺሲን ወሰደች።

«አብደሻል አሉኝ» አለች። «ምን ብዬ ልመልስላቸው? ካቺሲ እኮ የእኔ ናት፤ በስድስተኛ ክፍል ከቀጀላ የወሰድኳት ናት ልበላቸው?»

በልጅነቷ ስለ ካቺሲ የነገሯት ደብሪቱ የሚባሉ ቅቤ ሻጭ ናቸው፤ አምቦ ገበያ ላይ ነው ያገኘቻቸው። ምን ሞላት ስትላቸው «ከብት» አሏት። ምን ጎደላት ስትላቸው ከከተማው ወጣ ባለው ቀበሌያቸው ሴት ምጥ ሲይዛት በሰው ትከሻ እንደምትወሰድ ነገሯት። ፌቨን ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ ያደረገችው ደብሪቱን መፈለግ ነበር። ገበያ መሃል ቆማ «ደብሪቱ የሚባሉ ቅቤ ሻጭ የት አሉ?» ብላ ስትጠይቅ ሦስት ደብሪቱዎች ተሰበሰቡ፤ ገበያው ሳቀ። ትክክለኛዋ ሁለተኛዋ ነበሩ። አሁን የምትኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው።

አመሌ አላስቻለኝም። «እውነቱን ንገሪኝ። ያቺ ክፍል ባትኖር ኖሮ ካቺሲ አትመጪም ነበር?»

«አላውቅም። የካቺሲ ዕጣ ለእኔ ቢወጣ ኖሮ እመጣ ነበር፤ ግን አልቅሼ ነበር የምመጣው። አልቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ሲውል የሚውለው ዝውውር ሲጠይቅ ነው።»

ልሰናበታት ስል መልእክት ሰጠችኝ። «አዴ ኤቢሴ ጡረታ ሲወጡ ይምጡልኝ። ቤቴን ለማግኘት አይቸገሩም። መኪናው የሚያቆምበት ላይ ‹ማንን ፈልገው ነው?› ሲሏቸው ፌቨንን ይበሉ፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያደርሳቸዋል።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ መልእክቱን ቃል በቃል ለአዴ ኤቢሴ ነገርኳቸው። የያዙት ምላጭ ቆመ። ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ።

«‹ማንን ፈልገው ነው?› አለች?»

«አዎ።»

ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «በ1977 መምህርት ሆኜ ተመርቄ ነበር» አሉ። «ይህን አምቦ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ምደባዬ ካቺሲ ነበር። ሁለት ቀን በጭነት መኪና ላይ ሄጄ ደረስኩ። ስወርድ አንድ ሰውዬ መጣና ‹ማንን ፈልገሽ ነው?› አለኝ፤ ክፉ አልነበረም፤ ሊረዳኝ ነው። የምጠራው ስም አልነበረኝም። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መኪናው ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ተሳፈርኩ። ማስተማር በዚያው ቀረ። ብዙ ቆይቼ መጽሐፍ ደርዳሪ ሆኜ ተቀጠርኩ።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ» ቀጠሉ። «ልክ ነው፤ አይናፍቅም። ግን ያስፈራል፤ ይሄን አይነግሩሽም። እኔን የመለሰኝ ርቀት አይደለም። አንድ ስም ነው ያጣሁት። አንድ ስም ይዤ ብሄድ መምህርት ነበርኩ።» ዓይናቸውን ወደ ካርታው መለሱ። «ካቺሲ ላይ አርባ ዓመት እግሬን አላሳረፍኩም። ልጅቷ ግን ሄደች።»

አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። የክትትል ባለሙያ ማልቀስ የለበትም፤ ግን ማንም አላየንም።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባው ተቀመጠ፤ ኦቦ ኩምሳ፣ ሁለት መምህራን፣ የወላጅ ተወካይ፣ አዴ ኤቢሴና እኔ። የአዴ ኤቢሴ ምሥጢር የእኔ ስላልሆነ ሪፖርቴ ውስጥ አላስገባሁትም። የቀረውን አነበብኩ፤ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ ደህና አድርጌ። ኦቦ ኩምሳ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ከሁለት መቶ አሥራ አራት ሦስት ሰው» አሉ። «አንዱ ምንም አላተረፍኩም ብሎሻል። አንዱ ፈተና የወደቀ ነው። አንዷ ደግሞ ክፍሏ ባትኖር ምን እንደምትሆን አላውቅም ብላለች። አዴ ሃዋኒ፣ ይሄን ይዤ አንቺ ቢሮ ብመጣ ትቀበይኝ ነበር?»

«አልቀበልዎትም ነበር» አልኩ። እውነት ነበር። ሦስት ሳምንት ዞሬ ክፍሏን ያስዘጋሁ እኔው ነኝ ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

ያን ጊዜ አዴ ኤቢሴ መነጽራቸውን አደረጉ። «ኦቦ ኩምሳ፣ ማስረጃ የለኝም። ከመሄዴ በፊት አንድ ሂቦ ልጠይቅዎት?»

ኦቦ ኩምሳ በትሕትና ፈገግ አሉ። «ይጠይቁ።»

«ሳይጣድ የሚፈላ?»

«የአምቦ ውሃ!» አሉ፤ አፋቸውን ሳያሳርፉ። የደስታቸው ነገር፣ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን እንዲጠየቁ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። መምህራኑ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያችን ጥያቄ አንደኛ ክፍል ያለ የአምቦ ልጅ እንኳ እንደማይስታት አዴ ኤቢሴ ያውቃሉ።

«መለሱ» አሉ። «በእኔ ክፍል የተመለሰበት ጠያቂ ሀገር ይሰጣል።» መዝገቡን ገለጡና ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ኦቦ ኩምሳ አዞሩት። «የቀረችኝ ሀገር ክፍሏ ናት። ወስደዋታል፤ ይፈርሙልኝ።»

ኦቦ ኩምሳ ነገሩ በሰላም ስላለቀ ደስ ብሏቸው ፈረሙ። አዴ ኤቢሴ መዝገቡን አልዘጉም። «እንግዲህ ሕጉን ያውቁታል። በሳምንት ውስጥ ሦስት መልስ ያመጣሉ። ምን ሞላት፣ ምን ጎደላት፣ እዚያ ማንን ያውቃሉ።»

የወላጅ ተወካዩ ከት ብሎ ሳቀ። ኦቦ ኩምሳ ፊርማቸውን አዩት። የፈረሙበትን ነገር የማያከብሩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ሰኞ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ ክፍሏ መጡ፤ እኔም አልቀረሁም፣ አመሌን ነግሬያችኋለሁ። ኮታቸውን አውልቀው ለሕፃን በተሠራች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። የመጀመሪያውን መልስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጻፉ፦ «ምን ሞላት፦ ልጅ።» ሁለተኛውንም ብዙም ሳይቆዩ ጻፉት፦ «ምን ጎደላት፦ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለተኛ አምፖል።» ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ዘጠኝ መቶ ልጅ ያስተዳድራሉ፤ በክፍል፣ በጾታ፣ በውጤት ያውቋቸዋል። እስክሪብቶውን ይዘው ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያዩ አየኋቸው፤ አንድም ስም አልመጣላቸውም። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ።

ረቡዕ መቲ አጠገባቸው መጥታ ቆመች፤ ደብተር ይዛለች። የአንድ ሳምንት ቀጠሮዋ አልፎም አራት ሳምንት ሙሉ መናኸሪያና ገበያ ተንከራትታ ያጣችውን ሰው አሁንም ትፈልጋለች። የትልቅ ሰው ፊት ማየት ስለፈራች ጫማቸውን እያየች ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?»

«እኔ? የሻምቡ።»

መቲ ቀና አለች። «ሻምቡ የእኔ ናት» አለቻቸው። «ምን ሞላት?»

ኦቦ ኩምሳ አምቦ ከመጡ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከየት እንደመጡ የምናውቀው ከዝውውር ደብዳቤያቸው ነው እንጂ ስለ ሻምቡ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ሻምቡ ብርድ ጀመሩ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ፈረሱ፣ እናታቸው ብቻቸውን ስለሚኖሩበት ቤት ቀጠሉ። ምን ጎደላት ስትላቸው ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ። መቲ ሁሉን ጻፈች። ሌሎቹም ልጆች ቀስ በቀስ መጥተው ከበቧቸው። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን አዴ ኤቢሴ ሊዘጉ ቁልፍ ሲያንሿሹ ነው ያቆሙት።

«ስምዎትን ይንገሩኝ፤ እሱ ይቀረኛል» አለች መቲ።

«ኩምሳ። አንቺስ ማን ትባያለሽ?»

ነገረቻቸው። ደብተሩን ሳቡና ሦስተኛውን መልስ ጻፉ። ወጥተው ሲሄዱ አነበብኩት፤ «መቲ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ማሽኑ አሁን የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚያስቀምጡበት ጠቧቸዋል። የክፍሏ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ ትምህርት ሲከፈት ዘጠኝ ተኩል ላይ ራሳቸው ሊከፍቷት ለልጆቹ ቃል ገብተዋል። እኔ ቅጹን መለስኩ። በቁጥር የሚለውን ዓምድ ባዶ ትቼ ከጎኑ ስሞች ጻፍኩ፤ አለቃዬ እስከ ዛሬ ምንም አላለኝም።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን አዴ ኤቢሴን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ያደረሰን ቀጀላ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ጌዶ ሲጠይቃቸው ነበር። ዝናቡ እየጣለ ነው። ትንሽ ቡናማ ሻንጣ ይዘዋል፤ ጠርዙ የተበላ፣ የድሮ። የትኛው ሻንጣ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የመኪናው ረዳት ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ ላይ እያወጣ «እማማ፣ በዚህ ጭቃ ካቺሲ ድረስ ማንን ፈልገው ነው?» አላቸው።

አዴ ኤቢሴ የመኪናውን በር በአንድ እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ዘወር ብለው አዩኝ። ከዚያ ረዳቱ እንዲሰማ፣ ምናልባትም ከረዳቱ ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱለት።

«ፌቨንን።»